የክላውድ ቁጥጥርና የተቆጣጣሪ ሰዓት፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3 ቀን 2018፣ ሰኞ

የምሠራው ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የማይክሮፋይናንስ ተቋም የአይቲ ክፍል ነው። ኮር ባንኪንጋችን (ሒሳብና ብድር የሚያስተዳድረው ዋናው ሲስተም) እስካሁን ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት በምትገኝ ጠባብ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚከራዩት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ይዛወር የሚል ሐሳብ ለቦርዱ ቀርቧል። ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ጠርተውኝ፣ «የሚመጣው አቅራቢ ሁሉ ጥበቃችን አስተማማኝ ነው ይላል። አንድ ነገር ሲበላሽ ግን ተቆጣጣሪ የሚጠራው አቅራቢውን አይደለም፣ እኛን ነው። ሁለቱ የት እንደሚገናኙ፣ የት እንደሚለያዩ በሰንጠረዥ አሳየኝ» አሉኝ። የጊዜ ገደቡ የኅዳር አጋማሽ ቦርድ ነው።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎችን የሚመለከተው ሥራ በሕግና በኦዲት ክፍሎቻችን እጅ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የእኔ ድርሻ ጠበቅ ያሉና ማንም ሊያነባቸው የሚችሉ የውጭ ደንቦችን ለማወዳደሪያ መውሰድ ነው። በክላውድ በኩል የያዝኩት ክላውድ ሴኪዩሪቲ አሊያንስ የሚባለው የዘርፉ ማኅበር ያወጣው የቁጥጥር ማትሪክስ (የደኅንነት ቁጥጥሮች ዝርዝር) 4ኛ እትም ነው፤ በፈረንጆች 2021 የወጣ ሲሆን በ17 ዘርፎች የተደለደሉ 197 ቁጥጥሮች አሉት። በተቆጣጣሪ በኩል ሦስት መረጥኩ። አንደኛው የኒውዮርክ ግዛት የፋይናንስ አገልግሎቶች መምሪያ ክፍል 500 የሚባለው ደንብ ነው፤ በ2017 ሥራ ላይ ውሎ በ2023 ተሻሽሏል። ሁለተኛው ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አሠራር ጽናት ደንብ፣ በአጭሩ ዶራ ነው። ሦስተኛው የሲንጋፖር የገንዘብ ባለሥልጣን የቴክኖሎጂ ስጋት ግዴታ ነው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የሐሙስ ገበያ ቀን ስለሆነ የሂርማታ ቅርንጫፋችን ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልተለየውም። እኔም ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ሄጄ ስመለስ ዛሬ ለሰንጠረዡ የተረፈኝ ሦስት ሰዓት ያህል ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ በርዕስ አደረግሁት፤ ርዕሱ ከተገናኘ ረድፉን አረንጓዴ ቀባሁ። ደንቡ «ምስጠራ» ሲል ማትሪክሱ ውስጥ የምስጠራ ዘርፍ አለ፣ አረንጓዴ። ደንቡ «መጠባበቂያ ቅጂ» ሲል የሥራ ቀጣይነት ዘርፍ አለ፣ አረንጓዴ። ከ38 ረድፍ 35ቱ አረንጓዴ ሆኑ። ለውስጥ ኦዲተራችን ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ረድፍ ብቻ አነበቡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ርዕስና ርዕስ ተገናኘ ማለት ነው እንጂ ግዴታና ቁጥጥር ተገናኘ ማለት አይደለም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። አንድ የደንብ አንቀጽ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ አራት ግዴታ ታጭቋል፤ አንዱ ሲሟላ አንቀጹ ሁሉ እንደተሟላ አድርጌ ቀለም ቀብቼዋለሁ።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። እያንዳንዱን አንቀጽ አንድ ግሥ ብቻ እስኪቀረው ቆረጥኩት፦ «ያጸድቃል»፣ «ያሳውቃል»፣ «ይሞክራል»፣ «ይመዘግባል»። 38 የነበረው 71 ረድፍ ሆነ። አቅጣጫውንም ወሰንኩ፤ መነሻዬ ሁልጊዜ የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው፣ ከዚያ ወደ ማትሪክሱ እሄዳለሁ። ከማትሪክሱ ተነሥቶ ወደ ደንቡ የሚሄድ ሰው የሌለውን ነገር ሊያይ አይችልም፤ ማትሪክሱ ውስጥ ያልተጻፈ ግዴታ በዚያ መንገድ ከቶ አይነሣም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ለእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ፍርድ ብቻ፦ ሙሉ፣ ከፊል፣ የለም። አራተኛ ልጨምር ፈልጌ ተውኩት፤ «በአብዛኛው» የሚል ፍርድ ከገባ ሁሉም ረድፍ ወደዚያ ይሸሻል።

ዛሬ የመግቢያ ማረጋገጫውን ጨረስኩ፤ በጣም ካስተማሩኝ ረድፎች አንዱ ነው። በማትሪክሱ የማንነትና የመዳረሻ ዘርፍ 14ኛው ቁጥጥር ከይለፍ ቃል በላይ ሌላ ማረጋገጫ ቢያንስ ልዩ ሥልጣን ላላቸው ተጠቃሚዎችና ጥብቅ መረጃ ለሚከፈትበት ቦታ ይጠይቃል። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። የተሻሻለው የኒውዮርክ ደንብ ግን የተቋሙን ሲስተም የሚከፍት ማንኛውም ሰው ይላል። አንድ የክላውድ አቅራቢ የመጀመሪያውን አሟልቶ ምስክር ወረቀት ሊያሳየን ይችላል፣ እኛ ግን በሁለተኛው ሚዛን ገና ነን። ፍርድ፦ ከፊል።

ወደ ራሳችን ስመልሰው ጉዳዩ የሕግ ብቻ አይሆንም። ገንዘብ ከፋዮቻችን በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ቢሰጣቸው መልእክቱ በሚዘገይበት ሰዓት ሰልፉ ይቆማል። ኤስኤምኤስ ራሱም ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም ተቀይሮ ከወጣ ለሌባው ይደርሰዋል። መልሱ በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠል ቶክን (የመግቢያ ኮድ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) ይመስለኛል፤ ኔትወርክ አይፈልግም። ለከፋዮቹ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለግዥ ክፍል ጻፍኩ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አጋሮ ነበርኩ። የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነው፣ ግን የሰንጠረዡ ትልቁ ጥያቄ መልሱን እዚያ አገኘሁ።

የሲንጋፖሩ ግዴታ አንድ ተቋም ለእያንዳንዱ ወሳኝ ሲስተም ያልታቀደ መቋረጥ በ12 ወር ውስጥ ተደምሮ ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከተቋረጠም በ4 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት። የማትሪክሱ የሥራ ቀጣይነት ዘርፍ ደግሞ ዕቅድ ይኑር፣ የጉዳት ግምት ይሠራ፣ ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንዴ በልምምድ ይፈተሽ ይላል፤ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ቁጥሩን ለባለቤቱ ይተወዋል። አራት ሰዓት ይሁን አራት ቀን ማትሪክሱ አይናገርም።

ታዲያ የእኛ ቁጥር ስንት ይሁን? የቅርንጫፉን ኃላፊ ጠየቅኋት። ቆጥራ ነገረችኝ፦ አሁን የእሸት ቡና ወቅት ነው፤ ሰብሳቢው ጠዋት ብር ያወጣል፣ ቀኑን ከገበሬው ይገዛል፣ እሸቱ ሳያድር ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት «ሲስተም የለም» ከተባለ ሰብሳቢው ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ገበሬውም የለቀመውን ለሌላ በርካሽ ይሰጣል። «እሸት አያድርም፤ ያደረ እሸት ዋጋው ወደቀ ማለት ነው» አለች። በሐምሌ ግን ያው ሁለት ሰዓት ቢቋረጥ ብዙ ሰው አይጎዳም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ቁጥር አላስገባሁም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በገበያ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ አራት ሰዓት የሚል ሐሳብ አስቀመጥኩ። ተቆጣጣሪ የሚፈልገውን ቁጥር ከሲንጋፖር ቀድተን ሳይሆን ከማጠቢያ ጣቢያው ሰዓት ተነሥተን ብናስቀምጠው ለቦርድም ለተቆጣጣሪም ማስረዳት እንችላለን።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

የማሳወቂያ ረድፎች። እዚህ ቀኑን ሙሉ ቆየሁ።

ሲንጋፖር፦ ከባድ ክስተት ከታወቀ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ የመንሥኤው ሪፖርት በ14 ቀን። ዶራ፦ ክስተቱ ከባድ ተብሎ ከተመደበ በ4 ሰዓት፣ ያም ሆኖ ከታወቀበት ጊዜ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ የመጀመሪያው ማሳወቂያ፤ ከዚያ 72 ሰዓት ለመካከለኛው፣ አንድ ወር ለመጨረሻው። ኒውዮርክ፦ 72 ሰዓት፣ ለሰርጎ ገብ ቤዛ ከተከፈለ ደግሞ ክፍያው በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገራል። ለማመሳከሪያ የአሜሪካ ፌዴራል የባንክ ተቆጣጣሪዎችን የ36 ሰዓት ደንብም ጨመርኩ፤ እሱን የወደድኩበት ምክንያት ለባንክ አገልግሎት የሚሰጠውን ኩባንያም ራሱን ስለሚያስገድድ ነው፤ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ መቋረጥ ሲያጋጥም ባንኮቹን በተቻለ ፍጥነት ይነግራል። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የ72 ሰዓት ማሳወቂያ አለ።

በማትሪክሱ የክስተት አያያዝ ዘርፍ 7ኛው ቁጥጥር ምን ይላል? የደኅንነት ጥሰትን፣ የተጠረጠረውንም፣ ከአቅራቢ ሰንሰለት የመጣውንም በውሉ፣ በሕጉና በደንቡ መሠረት አሳውቅ። በቃል ደረጃ ሙሉ ነው፤ ምንም አይጎድለውም። ውስጡ ግን ሰዓት የለም። ሰዓቱ ያለው «በውሉ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው፣ ውሉን የምንፈርመው ደግሞ እኛ ነን። አቅራቢው «በተገቢው ጊዜ አሳውቃለሁ» ብሎ ቢፈርም ማትሪክሱን አሟልቷል፤ እኛ ግን የምንነግረው ነገር ሳይኖረን ተቆጣጣሪው ይደርስብናል። ፍርድ፦ ከፊል፣ በቀይ ማስታወሻ። ለሕግ ክፍል የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር፦ «በማንኛውም የክላውድ ውል ላይ የማሳወቂያ ጊዜ በሰዓት ቁጥር ይጻፍ»።

ጋሼ ይህን ሲያነቡ፣ «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» አሉ። «ባለቤቱ እንዲጮህ ግን ቤቱ እየተቃጠለ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።»

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ልምምድ አደረግን። የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ የሌለበት፣ በፈጠራ ሒሳቦች የተሞላ የሙከራ ሲስተም ክላውድ ላይ አቁሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ የከፋይ መግቢያ ከማይታወቅ ቦታ የተከፈተ አስመሰልኩ። ከፋዩዋ አይታ በወረቀት ቅጹ ላይ መዘገበችና ላከችልኝ። በጣም በፍጥነት አየችው፤ የሚያስመሰግናት ነው።

ቅጹ ላይ የተጻፈው፦ ቀን 18/2/2018፣ ሰዓት 9፡10።

እኔ ወደ ኤክሴሉ ስገለብጠው ኤክሴሉ 9፡10ን የፈረንጅ ጠዋት አደረገው። ቀኑንም ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2018 ብሎ አነበበው፤ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ የቆየ ክስተት። የክላውዱ ሎግ (የክስተቶች መዝገብ) ደግሞ 12፡10 ይላል፣ በዩቲሲ (ከእኛ የሰዓት ክልል 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሰዓት)። ሦስቱም ያው አንድ ደቂቃ ናቸው፤ በእኛ ከቀኑ 9፡10፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 15፡10፣ በዩቲሲ 12፡10።

ይህ ስሕተት ለምን ያስጨንቀኛል? ቅጹን እንደ ፈረንጅ ሰዓት ያነበበ ሰው ክስተቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ከፋዩዋ ሎጉ ከመዘገበው ስድስት ሰዓት ቀድማ ያየች ይመስላል፣ ማስረጃው እርስ በርሱ ይጣላል። የሎጉን 12፡10 እንደ እኛ ሰዓት ያነበበ ደግሞ የከሰዓቱን ክስተት ወደ ምሽት 12፡10 ይገፋዋል፣ 3 ሰዓት አዘገየው ማለት ነው። የሲንጋፖር ዓይነት የ1 ሰዓት ገደብ ቢኖርብን ኖሮ ገና ጊዜ አለን ብለን ስንረጋጋ ገደቡ ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

ወደ ማትሪክሱ ተመለስኩ። የሎግ ዘርፍ 6ኛው ቁጥጥር ሲስተሞች ሁሉ ከአንድ ታማኝ የጊዜ ምንጭ ይናበቡ ይላል። የእኛ የሙከራ ሲስተም ይህን አሟልቷል፤ ማሽኖቹ በሰከንድ አይለያዩም። ያልተናበበው ማሽኑ ከሰው ጋር ነው። ይህን ክፍተት በየትኛውም የውጭ ንጽጽር ውስጥ አላገኘሁትም፣ ሊኖርም አይችልም፤ የሰዓቱን ቆጠራ ከንጋት የሚጀምር ሕዝብ ውስጥ ተቀምጦ ካልሠሩት አይታይም። 72ኛ ረድፍ ሆኖ ገብቷል። ግዴታው «በሰዓቱ ማሳወቅ»፣ ቁጥጥሩ «የሰዓት ማናበብ»፣ ፍርድ፦ ከፊል።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

አዲሱ ቅጽ ተሠራ። ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ነው። የላይኛውን ከፋዩ በለመደው ይሞላል፤ ከጎኑ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ምርጫ አለ። የታችኛውን ዩቲሲ የምንሞላው እኛ ነን። ወር በቁጥር አይጻፍም፣ «ጥቅምት» ተብሎ በፊደል ይጻፋል። ፊደል ከሆነ ኤክሴል ፌብሩዋሪ ሊያደርገው አይችልም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ብቻ ሠራሁ። ዛሬ በፈረንጆች ኖቬምበር 1 ነው፤ ያ የኒውዮርክ የ«ማንኛውም ሰው» ማረጋገጫ ግዴታ ከዛሬ ጀምሮ ተፈጻሚ ነው። ረድፉ ላይ ቀኑን አስገባሁ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

«ባለቤት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ከዚህ በፊት ቁጥጥሩ አለ ወይስ የለም ብቻ ነበር የምጠይቀው። አሁን ማን ይሠራዋል ብዬም እጠይቃለሁ፦ አቅራቢው፣ እኛ፣ ወይስ ሁለታችንም።

ያነሣሣኝ የካፒታል ዋን ነገር ነው። በ2019 የዚያ ባንክ 106 ሚሊዮን ያህል አመልካቾችና ደንበኞች መረጃ ክላውድ ላይ ከተቀመጠበት ተወሰደ። የክላውዱ ሕንፃም ሰርቨርም አልተሰበረም፤ የተሳሳተው ባንኩ ራሱ ያዋቀረው የድር ጣቢያ መከላከያ ግንብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ 80 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው ባንኩን ነው፤ ምክንያቱም ወደ ክላውድ ከመዛወሩ በፊት ስጋቱን በሚገባ የመመዘን አሠራር አለመዘርጋቱ ነበር። እኛ አሁን ያለነው በትክክል «ከመዛወር በፊት» በሚለው ቦታ ላይ ነው።

ዓምዱ ሲሞላ መልኩ ተለወጠ። «ሙሉ» ካልኳቸው ረድፎች ከግማሽ በላዩ «ሁለታችንም» ወይም «እኛ» ሆኑ። የምስጠራ ቁልፍን ውሰዱ፦ ማትሪክሱ አቅራቢው ደንበኛው ቁልፉን ራሱ የሚያስተዳድርበት ችሎታ እንዲሰጥ ያዛል። ችሎታው ተሰጠን እንበል፤ ቁልፉን ማን ይይዛል፣ የያዘው ሰው ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሥራ ሲለቅ ለማን ይተላለፋል? እሱን የምንመልሰው እኛ ብቻ ነን።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

የመውጫ ረድፎች። ዶራ ተቋሙ ከአቅራቢው የሚወጣበት ዕቅድ እንዲኖረው፣ ዕቅዱ እንዲጻፍ፣ በበቂ እንዲሞከርና በየጊዜው እንዲከለስ ይጠይቃል። ማትሪክሱ በተንቀሳቃሽነት ዘርፍ 4ኛ ቁጥጥር ውሉ የመረጃውን ቅርጽ፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚሰረዝበትን ሥርዓት እንዲይዝ ያዛል። ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ «ይሞከር» የሚለው ግሥ ግን በማትሪክሱ በኩል የለም።

በፈረንጆች ሜይ 2024 የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር ያጋጠመው ይህን ረድፍ ሥጋና ደም ያለብሰዋል። በጉግል ክላውድ በኩል ቀድሞ በተፈጠረ የማዋቀር ስሕተት የፈንዱ የግል ክላውድ ተሰረዘ፤ ከ600 ሺህ በላይ አባላት ለአንድ ሳምንት ያህል ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ከጠቀሟቸው ነገሮች አንዱ በሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጡት ቅጂ መኖሩ ነው። «ባክአፕ አለን» ከማለት በፊት ባክአፑ ያለው በማን ቤት እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳቸው። «ታዲያ የእኛ ቅጂ ከዚያ ወደ ጅማ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ። ቆጥሬ እመልሳለሁ አልኩ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ቆጠርኩ። የመረጃ ቋታችን ከደንበኞች ፎቶና ከመታወቂያ ቅጂ ጋር 180 ጊጋባይት ነው። መስመራችን በሴኮንድ 20 ሜጋቢት። ያለ አንዳች መቆራረጥ ሙሉውን ቢያወርድ 20 ሰዓት ይፈጃል። በ4 ሰዓት የሚወርደው 36 ጊጋባይት ብቻ ነው።

ስለዚህ መረጃውን በሁለት ከፈልኩት። ሒሳብ ቀሪ፣ የዘንድሮ እንቅስቃሴና የብድር መዝገብ አንድ ላይ 30 ጊጋባይት ይሆናሉ፤ መጀመሪያ የሚመለሰው ይኼ ነው። ፎቶና የተቃኙ ወረቀቶች ሌሊት ይከተላሉ። ለገበያ ቀኑ የአንድ ሰዓት ገደብ ግን 30ውም ይበዛል፤ ለእሱ መፍትሔው ሳምንታዊ ሙሉ ቅጂ ጅማ ውስጥ ተመስጥሮ ተቀምጦ የየዕለቱን ለውጥ ብቻ ማታ ማታ ማውረድ ነው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

በሙከራ ሲስተሙ ላይ ሠራሁት። 30 ጊጋባይቱ ከ3 ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይወርዳል ብዬ አስቤ ነበር፤ መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። ገደቡን አለፈ። ከጅማው ቅጂና ከአንድ ቀን ለውጥ የተነሣው ግን በ48 ደቂቃ ቆመ፤ የሒሳቦቹ ድምርም ከዋናው ጋር እኩል መጣ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ይህ ውጤት ነው። የመስመሩን ጉዳይ ሁለተኛ መስመር ከሌላ ድርጅት ያስፈልጋል ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ለቦርዱ ቀረበ። ከ72 ረድፍ 33 ሙሉ፣ 28 ከፊል፣ 11 የለም። «የለም» ከተባሉት የመጀመሪያው የኒውዮርክ ደንብ የሚጠይቀው ዓመታዊ ማረጋገጫ ነው፤ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ተቋሙ ደንቡን ማሟላት አለማሟላቱን የበላይ ኃላፊውና የደኅንነት ኃላፊው ፈርመው ያስገባሉ። ማትሪክሱ የአስተዳደር ፖሊሲው የአመራር ድጋፍ ይኑረው ይላል እንጂ ስም አስፍሮ መፈረምን አይጠይቅም።

የቦርድ ሰብሳቢው ስለ ቴክኖሎጂው ብዙ አልጠየቁም። «ሌሊት አንድ ነገር ቢደርስ ለተቆጣጣሪ ስልክ የሚያነሣው ማነው?» አሉ። ሰንጠረዡ ላይ «ባለቤት» በሚለው ዓምድ «እኛ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶ ጠይቀው «እኛ»ን ሰርዘው የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ከሥር ደግሞ እሳቸው ባይገኙ የሚተካቸውን። የዝውውሩ ውሳኔ የአቅራቢው ውል በሰዓት ቁጥር ተሞልቶ እስኪመጣ ለሚቀጥለው ስብሰባ አደረ።

ሰኞ አዲሶቹን ቅጾች ይዤ አጋሮ እወርዳለሁ።